ከቀዶ ሕክምናና ከአደጋ በኋላ የሚከሰቱ የአንጎልና የነርቭ ችግሮችን መለየት፦ ደረጃ በደረጃ

ከቀዶ ሕክምና የወጣ ታካሚ ሳይነቃ ሲዘገይ «ሰመመኑ ገና አልለቀቀውም» ይባላል። አደጋ የደረሰበት ሰው ሲቀባዥር «ሕመሙ ነው፣ ያልፋል» ይባላል። እግሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው ደግሞ «የወገብ ማደንዘዣው ነው» ተብሎ ይተዋል። ሦስቱም አባባሎች አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ስለሆኑ ያዘናጋሉ። ትክክል ሳይሆኑ ሲቀሩ የሚታወቀው ግን ሕክምናው የሚጠቅምበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ ታካሚውን በቅርብ ለሚከታተሉ ነርሶች፣ ተለማማጅ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና ተረኛ ሐኪሞች ነው። ተቋምዎ የራሱ ፕሮቶኮል ካለው በመድኃኒት መጠንና በክትትል ሰዓት እርሱን ያስቀድሙ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ግን የትም ቢሆን አይለወጥም፦ መነሻውን ማወቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚስተካከለውን ማስተካከል፣ ጉዳቱ የት እንዳለ መለየት፣ ከዚያ ምስል ማንሣት። ሲቲ ስካን አራተኛ እንጂ አንደኛ አይደለም።

የሚያስፈልግዎ

ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ የደም ስኳር መለኪያ፣ የኦክስጅንና የደም ግፊት መለኪያ፣ ጥጥ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ሹል ጫፍ ያለው ነገር፣ የሪፍሌክስ መዶሻ፣ ሰዓት። የታካሚው ካርድና የመድኃኒት መስጫ ወረቀት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣሉ።

## ደረጃ 1፦ መነሻውን ይመዝግቡ

የአንጎልና የነርቭ ምርመራ ማወዳደር ነው። ከዚህ በፊት እንዴት እንደነበር ያልታወቀን ሰው «ተለውጧል» ማለት አይቻልም። ስለዚህ፦

1. ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት፣ አደጋ ከሆነ ደግሞ ታካሚው እንደደረሰ ንቃቱን፣ ሁለቱን የዐይን ብሌኖችና የአራቱን እጅና እግር እንቅስቃሴ ይመርምሩ።
2. ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ተሰጥቶት የመተንፈሻ ቱቦ ሊገባለት ከሆነ ከዚያ በፊት ይመርምሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ግን ያቺን ደቂቃ መልሶ ማግኘት አይቻልም።
3. ነባር ችግሮችን ይጠይቁ፦ የቀድሞ ስትሮክ፣ የዐይን ቀዶ ሕክምና፣ የመስማት ችግር፣ የመርሳት ሕመም፣ የሚጥል ሕመም፣ የአልኮል ልማድ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት።
4. ቤተሰብ ካለ «ትናንት እንዴት ነበሩ?» ብለው ይጠይቁ። ልጅ ስለ እናቷ «እንዲህ አይናገሩም ነበር» ስትል ያ ቃል በካርዱ ላይ መስፈር ያለበት የምርመራ ውጤት ነው።

አጻጻፉ ላይ ይጠንቀቁ። «ታካሚው ደህና ነው» ወይም «ተረጋግቷል» የሚል ማስታወሻ ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ይጻፉ (ቁጥሮቹ በደረጃ 3 የሚብራራው፣ ከ15 የሚሰጥ የንቃት ነጥብ ናቸው)፦ «ከሌሊቱ 8፡00። ዐይን 3፣ ንግግር 4፣ እንቅስቃሴ 6፣ ድምር 13። ሲጠራ ዐይኑን ይከፍታል፣ ስሙን ያውቃል፣ ያለበትን ቦታ አያውቅም። ብሌኖቹ ሁለቱም 3 ሚሊ ሜትር፣ ለብርሃን ፈጥነው ይጠባሉ። ቀኝ እጁ ከግራው ይደክማል።» ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ለውጡን በአንድ እይታ ያገኘዋል።

መነሻ ካልተመዘገበ፦ ታካሚውን ያመጣውን ባለሙያና የሰመመን ባለሙያውን ይጠይቁ። ምን መድኃኒት፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ይጻፉ። ከዚያ አሁን ያገኙትን መነሻ አድርገው በየሠላሳ ደቂቃው ይድገሙ።

## ደረጃ 2፦ በደቂቃዎች የሚስተካከሉትን ያስቀድሙ

ስለ አንጎል ከማሰብዎ በፊት አንጎሉ ኦክስጅን፣ ደምና ስኳር እየደረሰው መሆኑን ያረጋግጡ።

1. አየርና ኦክስጅን። የኦክስጅን መጠኑ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ምርመራውን አቁመው እርሱን ያስተካክሉ። አደጋ የደረሰበት ከሆነ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ይጠብቁ። የንቃት ነጥቡ ድምር (ደረጃ 3) 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ወዲያውኑ ይጥሩ።
2. የደም ግፊት። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች መውረድ የተጎዳ አንጎልን ዳግም ይጎዳል። ከባድ የራስ ጉዳት ላለበት አዋቂ ግቡ ከዚህ ከፍ ይላል፦ ዕድሜው ከ50 እስከ 69 ለሆነ ቢያንስ 100፣ ከ15 እስከ 49 ወይም ከ70 በላይ ለሆነ ቢያንስ 110። በአዋቂ ላይ ግፊት ሲወርድ «ጭንቅላቱ ስለተመታ ነው» ብለው አይተዉት። በደረት፣ በሆድ፣ በዳሌና በጭን ውስጥ የሚፈስ ደም ይፈልጉ።
3. ስኳር። ለሁሉም ይለኩ፤ የስኳር ሕመም የለበትም ብለው አይዝለሉት። ዝቅተኛ ስኳር ልክ እንደ ስትሮክ አንድን ጎን ሊያደክም ይችላል። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሆኖ የንቃት ለውጥ ካለ በደም ሥር ግሉኮስ ይስጡ፤ የተለመደው የአዋቂ መጠን 25 ግራም፣ ማለትም 50 ሚሊ ሊትር ባለ 50 በመቶ ዴክስትሮዝ ነው። ብዙ ቀን ሲያስመልሰው ለቆየ፣ ምግብ ላልቀመሰ ወይም አልኮል አብዝቶ ለሚጠጣ ሰው ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ ይስጡ። ታያሚን እስኪገኝ ብለው ግሉኮሱን ግን አያዘግዩ።
4. መድኃኒት። ወረቀቱን ራስዎ ያንብቡ። ብሌኖቹ እንደ ነጥብ ጠበው ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 በታች ከሆነ ሞርፊንና መሰሎቹን ይጠርጥሩ። መጀመሪያ በአምቡ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት) አየር እየሰጡ ናሎክሶን (የሞርፊን ማርከሻ) በጥቂት በጥቂቱ፣ ከ0.04 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም እያደረጉ፣ ትንፋሹ እስኪሻሻል ይስጡ። ገና ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሰው አንድ ጊዜ ብዙ መስጠት ሕመሙን ባንዴ ይቀሰቅሳል፣ ግፊቱንም ያንራል። ናሎክሶን ከሞርፊን ቀድሞ ስለሚያልቅ ታካሚው ከነቃ በኋላ ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ትተውት አይሂዱ።
5. ያልለቀቀ የጡንቻ ማዘያ። ታካሚው ዐይኑ ተከፍቶ፣ ተጨንቆ፣ እንቅስቃሴው ቁርጥርጥ ብሎ፣ ራሱን ቀና አድርጎ አምስት ሰከንድ መቆየት ካቃተው አእምሮው ነቅቷል፤ ያልነቃው ጡንቻው ነው። ሁሉን ይሰማል። ምን እየሆነ እንደሆነ ይንገሩት፣ አተነፋፈሱን ያግዙ፣ የሰመመን ባለሙያውን ይጥሩ።
6. ሙቀትና ጨዎች። ሙቀቱን ይለኩ። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይላኩ። የሚቻል ከሆነ በደሙ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያስለኩ፤ ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው የኦክስጅን ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊደነዝዝ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዱ ብሌን ሰፍቶ ከሆነ ወይም አንዱ ጎን ከደከመ ይህን ሁሉ እስክጨርስ ብለው አይጠብቁ። እርስዎ እየሠሩ ሌላ ሰው የቀዶ ሐኪሙንና የሲቲ ክፍሉን ይጥራ።

## ደረጃ 3፦ ንቃቱን በትክክል ይለኩ

የግላስጎው ኮማ ስኬል ዐይንን ከ4፣ ንግግርን ከ5፣ እንቅስቃሴን ከ6 ይለካል፤ ትንሹ ድምር 3፣ ትልቁ 15 ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ሰው አንድን ታካሚ ለክቶ የተለያየ ቁጥር የሚያመጣው ግን በአለካኩ ነው።

1. መጀመሪያ ሳይነኩት ይዩት። ከዚያ በስሙ ይጥሩት፤ ካልመለሰ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ሕመም መስጠት የመጨረሻው ነው።
2. ሕመም ሲሰጡ የትከሻውን ጡንቻ ቆንጥጠው ይያዙ ወይም ከቅንድብ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ይጫኑ። የፊት ስብራት ካለ የቅንድቡን ይተዉት። ደረትን በጡጫ ማሸት ቆዳ ይልጣል፣ ምላሹም ለመተርጎም ያስቸግራል። እግርን መቆንጠጥ ደግሞ አንጎል ባይሠራም በህብለ ሰረሰር ሪፍሌክስ ብቻ እግሩን ያሸሸዋል፤ በዚያ ነጥብ አይስጡ።
3. እጁ ከአንገት አጥንት በላይ ወጥቶ ወደሚያምበት ቦታ ከመጣ 5 ነው። ክርኑን አጥፎ ከሸሸ ብቻ 4 ነው። ቀስ ብሎ ተኮማትሮ ከታጠፈ 3፣ ከተገተረ 2፣ ምንም ከሌለ 1።
4. «እጄን ይያዙ» ብቻ ብለው 6 አይስጡ። ሳያውቅ የሚጨብጥ ሰው አለ። «ይያዙ፣ ይልቀቁ» ወይም «ምላስዎን ያውጡ» ይበሉ።
5. ሁለቱ ጎኖች ከተለያዩ ለድምሩ የተሻለውን ይያዙ፤ ደካማውን ጎን ለብቻው ይጻፉ።
6. ቱቦ የገባለትን ሰው ንግግር ወይም አብጦ የተዘጋ ዐይንን «1» ብለው አይጻፉ። «መለካት አልተቻለም» ይበሉና ምክንያቱን ያስፍሩ።
7. ድምሩን ብቻ አይተላለፉ። 13 ብዙ መልክ አለው።

ራሱን የተመታ ሰው 15 እስኪሞላ በየሠላሳ ደቂቃው ይለካ። ከሞላ በኋላ ለሁለት ሰዓት በየሠላሳ ደቂቃው፣ ቀጥሎ ለአራት ሰዓት በየሰዓቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። መሐል ላይ ከወረደ እንደገና ወደ ሠላሳ ደቂቃ ይመለሳል።

ወዲያውኑ የሚያስጠራ ለውጥ፦ እንቅስቃሴ በ2 ከወረደ፤ ዐይን ወይም ንግግር በ3 ከወረደ፤ አንድ ነጥብ ወርዶ ሠላሳ ደቂቃ ከቆየ፤ አዲስ መቅበጥበጥ ወይም የጠባይ ለውጥ ከመጣ፤ ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ማስመለሱ ካላቆመ፤ ፊት፣ እጅ ወይም ብሌን ከተለያየ።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሌሊት ስለሆነ «ይተኛበት» ተብሎ የሚዘለል ልኬት በራስ ጉዳት ታካሚ ላይ ትልቁ አደጋ ነው። ከራስ ቅልና ከአንጎል ሽፋን መሐል ደም የሚቋጥርበት ሰው መጀመሪያ ተነሥቶ ሲያወራ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ሊዘቅጥ ይችላል። የሚያንቀላፋውን ሰው ቀስቅሰው ይለኩት።

## ደረጃ 4፦ የዐይን ብሌኖች

ክፍሉን ትንሽ አጨልመው የእያንዳንዱን ብሌን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ቅርጹንና ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ ይጻፉ።

* ንቃቱ በወረደ ሰው አንዱ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን ካልጠበበ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ በዚያ ጎን አንጎል ከቦታው እየተገፋ ነው ብለው ይያዙ። የአልጋውን ራስጌ 30 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፤ የአከርካሪ ጉዳት ከተጠረጠረ ወገቡን ሳያጥፉ አልጋውን በሙሉ ያጋድሉ። አንገቱን ቀጥ ያድርጉ፣ የአንገት መያዣው እንዳይጨመድደው ያላሉ። የደም ግፊቱ ካልወረደ ማኒቶል (የአንጎልን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ከ0.5 እስከ 1 ግራም በኪሎ ይሰጣል፤ የደም ግፊቱ የወረደ ከሆነ ሃይፐርቶኒክ ሳላይን (ጨው የበዛበት ፈሳሽ) ይመረጣል። የአንጎል ቀዶ ሐኪምና ሲቲ በዚያው ደቂቃ።
* ሙሉ በሙሉ ነቅቶ በሚያወራ ሰው አንዱ ብሌን ከሰፋ በዐይኑ ላይ የደረሰ ምት፣ የቀድሞ የዐይን ቀዶ ሕክምና፣ ወይም ከመተንፈሻ ጭንብል ወደ ዐይን የገባ አይፕራትሮፒየም (የሚተነፈስ የአየር ቧንቧ ማስፊያ መድኃኒት) ሊሆን ይችላል። መነሻውን ያመሳክሩ፤ ክትትሉን ግን አያቋርጡ።
* አንዱ ብሌን ጠቦ ቆቡ ከወደቀ፣ በተለይ አንገት ከተመታ በኋላ፣ የአንገት ደም ቅዳ ግድግዳ መሰንጠቅን ይጠርጥሩና የአንገት ሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን የሚያሳይ ሲቲ) ይጠይቁ። ስትሮኩ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊከተል ይችላል።
* ሁለቱም እንደ ነጥብ ከጠበቡ ሞርፊን ወይም የአንጎል ግንድ ጉዳት።

የደም ግፊት መናር፣ የልብ ምት መዝገምና የትንፋሽ መዛባት አንድ ላይ ከታዩ ዘግይተዋል። እነዚህን ምልክቶች ለማየት መጠበቅ ሕክምና አይደለም።

## ደረጃ 5፦ ጉዳቱ የት ነው?

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የተሳሳተ የሰውነት ክፍል ምስል ያነሣል።

1. ፊት። «ጥርስዎን ያሳዩ፣ ዐይንዎን ጨፍኑ» ይበሉ።
2. እጅ። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አሥር ሰከንድ ይቆይ። አንዱ ዝቅ እያለ መዳፉ ወደ ውስጥ ከዞረ ድክመት አለ።
3. እግር። አንድ በአንድ አምስት ሰከንድ ያንሣ።
4. ንግግር። ብዕርና ሰዓት አሳይተው ስማቸውን ያስነግሩ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ያስደግሙ። ቃል የጠፋበት ሰው ግራ የተጋባ ይመስላል። «ይቀባዥራል» ተብሎ የተመዘገበ ስትሮክ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።
5. ስሜት። በጥጥና በሹል ነገር ከታች ወደ ላይ ይሂዱ፤ ስሜቱ የሚለወጥበት መስመር ካለ በቆዳው ላይ ምልክት ያድርጉና ሰዓቱን ይጻፉ።
6. ሚዛን። ጉዳቱ ከፈቀደ ያስቀምጡት። የትንሹ አንጎል ስትሮክ በተኛ ሰው ላይ ላይታይ ይችላል።

ከዚያ ያገኙትን ያንብቡ። የአንድ ጎን ፊት፣ እጅና እግር አብረው ከደከሙ ነገሩ በተቃራኒው የአንጎል ክፍል ነው። ፊት ደህና ሆኖ ሁለት እግር ወይም አራቱም ከደከሙና ስሜት የሚቋረጥበት መስመር ካለ ህብለ ሰረሰር ነው። ድክመቱና መደንዘዙ በአንድ ነርቭ ክልል ብቻ ከሆነ ያ ነርቭ ነው። ስሜት ሳይጎድል አራቱም ከደከሙ መድኃኒት፣ ፖታሲየም ወይም የጡንቻ ሕመም ያስቡ።

## ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ይወስኑ

«መቼ አያችሁት?» ሳይሆን «መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የስትሮክ ሕክምና የሚቆጠረው ከዚያ ሰዓት ነው።

የረጋ ደም ማሟሚያ መድኃኒት የሚሰጠው በ4.5 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ባለፉት 14 ቀናት ትልቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ይህ ግን የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ትልቅ የደም ሥር ከተዘጋ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ማውጣት በ6 ሰዓት ውስጥ፣ በምስል ለተመረጡ ታካሚዎች ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቻላል። ስለዚህ «ቀዶ ሕክምና ስላለበት ምንም አይደረግለትም» ብለው አይቀመጡ፤ አገልግሎቱ ያለበትን ሆስፒታል ይደውሉ።

ሰዓቱ ምክንያቱንም ይጠቁማል፦

* ከሰመመን ጀምሮ ያልነቃ፦ መድኃኒት፣ ስኳር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተከሰተ ስትሮክ።
* ነቅቶ የነበረና በሰዓታት ውስጥ የዘቀጠ፦ በራስ ቅል ውስጥ የሚጨምር ደም፣ ስትሮክ፣ መንቀጥቀጥ።
* ከ24 እስከ 72 ሰዓት፦ ዴሊሪየም (ድንገተኛ መደናገር፤ ደረጃ 7)፣ የአልኮል መቋረጥ፣ የስብ ኤምቦሊዝም (ከተሰበረ አጥንት ወደ ደም የገባ ስብ)። የጭን ወይም የቅልጥም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ትንፋሹ ፈጥኖ፣ ኦክስጅኑ ወርዶ፣ አእምሮው ከተዛባ ብብቱን፣ አንገቱን፣ የላይኛ ደረቱንና የዐይኑን ቆብ ውስጥ ይዩ። ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች የስብ ኤምቦሊዝምን ያጠናክራሉ፤ አለመኖራቸው ግን አያስቀረውም።
* ከቀናት እስከ ሳምንታት፦ ከአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም፣ በተለይ በአረጋውያንና ደም ማቅጠኛ በሚወስዱ ላይ፤ ከራስ ቅል ወለል ስብራት በኋላ ደግሞ ማጅራት ገትር።

## ደረጃ 7፦ ዴሊሪየም ነው ከማለትዎ በፊት

ዴሊሪየም በድንገት የሚጀምር፣ ከሰዓት ሰዓት ከፍ ዝቅ የሚል፣ ትኩረትን የሚያሳጣ መደናገር ነው። ትኩረቱን ለመፈተን የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያስቆጥሩ። አልጋ ላይ የሚታገለውን ሁሉም ያየዋል። ጸጥ ብሎ፣ ፈዝዞ፣ ምግቡን ሳይነካ የሚውለውን ግን ማንም አይጠራለትም፤ «አያስቸግርም» ይባላል። ያኛው ዴሊሪየም በአረጋውያን ላይ በብዛት የሚታይና ክፉኛ የሚጎዳ ነው።

ዴሊሪየም የምርመራ መጨረሻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ይፈልጉ። በቅደም ተከተል፦ ኦክስጅን፣ ሕመም፣ የሞላ የሽንት ፊኛ፣ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ ሶዲየም፣ እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስተኛዎች፣ የጠፋ መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ። አልኮል ያቋረጠ ሰው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊንቀጠቀጥ፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ ላብ፣ ትኩሳትና ቅዠት ያለበት ከባድ መዛባት ሊመጣበት ይችላል። ለዚህ ሰው ዳያዜፓም ሕክምናው ነው፤ ለሌላው ዴሊሪየም ግን ማባባሻ ነው። ሳይለዩ አይስጡ።

አዲስ የአንድ ጎን ድክመት፣ የተለያየ ብሌን፣ የራስ ምት ታሪክ ወይም ደም ማቅጠኛ ካለ ዴሊሪየም ብለው አያልፉት፤ ሲቲ ይነሣ።

ከተንቀጠቀጠ፦ ሰዓት ይያዙ፣ በጎኑ ያስተኙ፣ አንገቱን ይጠብቁ፣ ስኳር ይለኩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ በራሱ ይቆማል ብለው አይጠብቁ፤ ሎራዜፓም 4 ሚሊ ግራም ወይም ዳያዜፓም 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጣል። አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ በሚያደነዝዝ ማደንዘዣ ጊዜ የተንቀጠቀጠ፣ በተለይ ቀድሞ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ጮኸ ካለ፣ የማደንዘዣው መመረዝ ነው፤ መርፌውን ያቁሙና ባለ 20 በመቶ የሊፒድ ኢመልሽን (በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ) 1.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ ይሰጥ። ሶዲየም በጣም ወርዶ ከተንቀጠቀጠ ባለ 3 በመቶ ሳላይን ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ሚሊሞል በላይ እንዳይጨምር ደጋግመው ይለኩ።

## ደረጃ 8፦ እግሩ አልንቀሳቀስ ካለ

ከወገብ ማደንዘዣ ወይም ከኤፒዱራል (በጀርባ በገባ ቀጭን ቱቦ ከሚሰጥ ማደንዘዣ) በኋላ። የማደንዘዣው ድክመት ከሰዓት ሰዓት እየቀነሰ መሄድ አለበት። የመጨረሻው መጠን ከተሰጠ አራት ሰዓት አልፎት እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ካልቻለ፣ ለቅቆት የነበረው ድክመት ከተመለሰ፣ ወይም አዲስ የጀርባ ሕመምና የሽንት መታገድ ከመጣ ህብለ ሰረሰርን የሚጫን ደም እንዳለ ይያዙ። በኤፒዱራል የሚገባውን መድኃኒት ያቁሙ፣ ቱቦውን ግን ሳያማክሩ አይንቀሉ፤ በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ሲነቀልም ሊደማ ይችላል። አስቸኳይ ኤምአርአይ ይጠይቁ። ድክመቱ ከጀመረ በ8 ሰዓት ውስጥ ግፊቱ የተነሣለት ሰው የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው።

ከአደጋ በኋላ። ራስ፣ ትከሻና ዳሌውን በአንድ መስመር ይዘው ያዙሩት። ከዚያ በየደረጃው ይመርምሩ፦ ክርን ማጠፍ የአንገት 5ኛ ነርቭ፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ ማንሣት 6ኛ፣ ክርን መዘርጋት 7ኛ፣ ጣት መጨበጥ 8ኛ፣ ጣት መዘርዘር የደረት 1ኛ። ስሜት በጡት ጫፍ የደረት 4ኛ፣ በእምብርት 10ኛ። ጭን ማንሣት የወገብ 2ኛ፣ ጉልበት መዘርጋት 3ኛ፣ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ማጠፍ 4ኛ፣ የእግር አውራ ጣትን ማንሣት 5ኛ፣ ቁርጭምጭሚትን ወደ ታች መግፋት የቂጥ 1ኛ።

የመቀመጫ አካባቢ ስሜትንና የፊንጢጣን ጥብቀት አይዝለሉ። መጋረጃ ስበው፣ አስረድተው፣ ፈቃድ ጠይቀው ይመርምሩ። በዚያ አካባቢ ትንሽ ስሜት መቅረቱ ጉዳቱ ሙሉ አለመሆኑን ይነግራል፤ የሕክምናውን ተስፋም ይለውጣል። መቀመጫው ከደነዘዘና ከሸና በኋላ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ሽንት ከቀረ የነርቭ ጭራውን (ከህብለ ሰረሰር ጫፍ በታች ያለውን የነርቮች ጥቅል) የሚጫን ነገር ይጠርጥሩ።

ግፊት ወርዶ፣ ልብ ዘግሞ፣ ቆዳው ሞቆ ከተገኘ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያመጣው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የደም መፍሰስ እንደሌለ ሳያረጋግጡ አይቀበሉት።

## ደረጃ 9፦ የእጅና የእግር ነርቮች

ስብራት ከመጎተቱ ወይም ጀሶ ከመታሰሩ በፊትና በኋላ ይመርምሩ። ሁለቱንም ካልጻፉ ነርቩን አደጋው ይጉዳው ወይም ሕክምናው ማንም አያውቅም።

* እጅ፦ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያንሣ፤ ይህ ራዲያል ነርቭ ነው፣ የላይኛ ክንድ አጥንት ሲሰበር ይጎዳል። በአውራና በሌባ ጣት ክብ ይሥራ፤ ሚዲያን። ጣቶቹን ይዘርዝር፤ አልናር። ስሜቱን በቅደም ተከተል በአውራና በሌባ ጣት መሐል በስተጀርባ፣ በሌባ ጣት ጫፍና በትንሿ ጣት ጫፍ ይፈትኑ።
* እግር፦ አውራ ጣቱን ማንሣት ካቃተውና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቶች መሐል ከደነዘዘ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው የፔሮኒያል ነርቭ ተጭኗል። ጀሶው ወይም የቀዶ ሕክምናው አልጋ የእግር መያዣ እዚያ ላይ ተጭኖ እንደነበር ይዩ። ቁርጭምጭሚቱን ወደ ውስጥ ማዞርም ካቃተው ችግሩ ከወገብ የሚወጣው 5ኛ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጉዳቱ መጠን በላይ የሚያም፣ ማስታገሻ የማይበግረው፣ ጣቱን ሲዘረጉለት የሚያስጮኸው ሕመም ኮምፓርትመንት ሲንድሮም (በጡንቻ ክፍል ውስጥ ግፊት ጨምሮ ደም እንዳይደርስ ማድረጉ) ነው። የደም ሥር ምት እየተሰማ ሊከሰት ይችላል፤ ምት እስኪጠፋ የጠበቀ ጡንቻና ነርቭ ያጣል። ጀሶውንና ከሥሩ ያለውን ጥጥ እስከ ቆዳ ይሰንጥቁ፣ እግሩን በልብ ከፍታ ያቆዩ፣ የቀዶ ሐኪሙን በዚያው ይጥሩ።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት ንጹሕ ሆኖ ሊያሳስት ይችላል፤ ሙሉ መልሱን የሚሰጠው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

## ደረጃ 10፦ ምስሉና ከምስሉ በኋላ

ራሱን የተመታ አዋቂ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲቲ ሊነሣ የሚገባው እነዚህ ሲኖሩ ነው፦ መጀመሪያ ሲታይ ድምሩ 12 እና በታች ከሆነ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 15 ካልሞላ፤ የራስ ቅል መሰርጎድ ወይም ክፍት ስብራት ከተጠረጠረ፤ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፤ በዐይን ዙሪያ ወይም ከጆሮ ኋላ ከጠቆረ፤ ከተንቀጠቀጠ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ካስመለሰ፤ የአንድ ጎን ድክመት ካለ። ደሙ እየፈሰሰና ግፊቱ እየወረደ ያለን ሰው ግን ሳያረጋጉ ወደ ሲቲ ክፍል አይግፉት።

ሲቲው ንጹሕ ሆኖ ታካሚው ካልነቃ ምርመራው አላለቀም። መጀመሪያ በሰዓታት ውስጥ የተነሣ ሲቲ አዲስ ስትሮክን ላያሳይ እንደሚችል ያስታውሱ። ከዚያ፦ ሰውነት ሳይንቀጠቀጥ የሚቀጥል የአንጎል መንቀጥቀጥ ስላለ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ያስደርጉ፤ የአንገትና የራስ ደም ሥሮችን ያስነሡ፤ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ደክሞ መድኃኒት ተጠራቅሞ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የአንጎል ነርቭ ክሮች መበጣጠስንና የስብ ኤምቦሊዝምን ለማየት ኤምአርአይ ያስቡ። ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ አንቲባዮቲኩን ሳያዘገዩ የጀርባ ፈሳሽ ይወሰድ። ንቃቱ ከወረደ ሲቲው ትናንት ንጹሕ ስለነበር ብቻ ዛሬ አይከልከል፤ ይደገም።

ሲደውሉ አጭርና ሙሉ ይሁኑ፦ «የ40 ዓመት ሰው፣ ዛሬ ጠዋት 3፡00 ራሱን የተመታ። ሲደርስ ዐይን 4፣ ንግግር 5፣ እንቅስቃሴ 6። አሁን 2፣ 3፣ 5። የግራ ብሌን 6 ሚሊ ሜትር፣ ለብርሃን አይጠብም፤ ቀኝ ጎኑ ደክሟል። ግፊት 150 በ80፣ ስኳር 110፣ ደም ማቅጠኛ አይወስድም። ማኒቶል ጀምረናል፣ ወደ ሲቲ እየሄድን ነው።» የተደወለለት ሰው ካላነሣ አምስት ደቂቃ አይጠብቁ፤ ከእርሱ በላይ ያለውን ይደውሉ፣ የደወሉበትን ሰዓትና የተሰጠዎትን መልስ በካርዱ ላይ ይጻፉ።